መረባችሁን አትመኑት

ወንድሞቼ፣ መረባችሁን አትመኑት። ይህን የምለው ዕድሜውን መረብ ሲስብ ለኖረ፣ እጁ በገመድና በውኃ ለተሰነጣጠቀ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ትናንት ያወጣችሁትን ነጭ ዓሣ እያሳያችሁ «ጣና ገና ሙሉ ነው» ትሉኛላችሁ። ያ ዓሣ ግን ስለ ዛሬው ጣና ሊመሰክር አይችልም። ወንዝ ውስጥ የተፈለፈለው ከዓመታት በፊት ነው። የመረባችሁ ዓይን ሰፊ ስለሆነ ትንሹን ያሳልፋል፣ ትልቁን ያስቀራል። ስለዚህ የሚነግራችሁ ያኔ ክረምቱ እንዴት እንደነበረ፣ ያኔ የጉማራ ወንዝ አፍ ክፍት እንደነበረ ነው። ዘንድሮ ስንት እንደተወለደ፣ ከተወለደውም ስንቱ ከወንዝ ወደ ሐይቅ በሰላም እንደወረደ መረቡ አያውቅም። የሚያውቅበት ቀን ሲመጣ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያን ቀን ግን የሚደረግ ነገር የለም።

ከብት ያረባ ሰው ይህ አይጠፋውም። በረቱ በወፋፍራም በሬና ላም ቢሞላ፣ ከመካከላቸው ግን ጥጃና ጊደር ቢያጣ፣ ሀብታም ነኝ ብሎ አይተኛም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ሳይነገረው ያውቃል። ዓሣ ላይ ስንደርስ ይህን ማስተዋል የምናጣው ጥጃው ስለማይታየን ነው። የዓሣ ጫጩት በደንገል ሥር፣ በወንዝ ጠጠር መካከል፣ በጥልቀት በሌለው ዳርቻ ተሸሽጎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሄዶ የሚቆጥርልን ሰው ያስፈልጋል።

ከባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል በሚመጡት ቆጣሪዎች ስትቀልዱ እሰማለሁ። «የተማሩት ልጆች ጣት የማታህል ዓሣ ይዘው በማስመሪያ ይለካሉ፤ ለወጥ አትሆን፣ ለገበያ አትሆን» ትላላችሁ። ከእነሱ ጋር ጀልባ ነድቼላቸው አውቃለሁና ሥራቸውን ልንገራችሁ። ዓይናቸው ከጠባብ እስከ ሰፊ የተለያየ መረቦች ይዘው ይወጣሉ። በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዓይነት መረብ፣ ለዚያው ያህል ሰዓት ይጥላሉ። የወጣውን ሁሉ፣ እኛ ወደ ውኃ የምንወረውረውን ጭምር፣ ቁመቱን ለክተው ክብደቱን መዝነው ይጽፋሉ። በቁመቱ ሲደረድሩት ትንንሾቹ ለብቻ፣ መካከለኞቹ ለብቻ፣ ትልልቆቹ ለብቻ ተከማችተው ይታያሉ። የትንንሾቹ ክምር ሲያንስ፣ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የትልልቆቹ ክምር እንደሚያንስ ከአሁኑ ይታወቃል።

አንድ ቀን ከመካከላችሁ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ዓሣ የሌለበት ቦታ መረብ ሲጥሉ አየኋቸው፤ ወዲያ ማዶ ሞልቶ ሳለ! ምን ዓይነት ሞኝነት ነው?» አለኝ። እኔም ብዙ አሰብኩበት። እኛ ዓሣ ወዳለበት እንሄዳለን፤ ሙያችን ይህ ነው። ዓሣው ሲያንስ እንርቃለን፣ ሞተር እንጨምራለን፣ መረብ እንቀጥላለን፣ ሌሊት እንወጣለን። የመጨረሻው መንጋ የት እንደተሰበሰበ የሚያውቅ ቢኖር እኛ ነን። እንግዲህ ጀልባችን ሞልቶ መመለሱ ስለ ጣና ምን ይነግረናል? ስለ እኛ ብልሃት ነው የሚነግረን። ቆጣሪው ግን ዓሣ ኖረም አልኖረም አምና የጣለበት ቦታ ይጥላል። መረቡ ባዶ ከወጣ ባዶነቱ ራሱ ወሬ ነው። እኛ ባዶ መረብ አናመጣም፤ ባዶ መረብ የሚያስተምረውንም አንማርም።

ይህ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ሕዝብ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ኮድ በሚባል ዓሣ ኖሯል። ትልልቆቹ መርከቦች መሣሪያቸው እየተሻሻለ፣ የቀረው ዓሣ በተሰበሰበበት እየደረሱ ስለነበር ምርታቸው የደህና ጊዜ ይመስል ነበር። መንግሥትም በዚያ ምርት ላይ ተማምኖ ብዙ ፈቀደ። በትንሽ ጀልባ በባሕሩ ዳር የሚያጠምዱት ግን ዓሣው እያነሰና እየቀጨጨ መምጣቱን ቀድመው ይናገሩ ነበር፤ ማን ሰማቸው? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ባሕሩ ተዘጋ። ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ ፈታ። ለሁለት ዓመት ይዘጋ የተባለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የገባው በደርግ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በሆላንድ በጎ አድራጊዎች ድጋፍ ነው። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ በዳር በዳር ነበር የሚጠመደው፤ ነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ከማንም በላይ ያውቁታል። በአዲሱ መረብ በ1987 የወጣው ዓሣ 39 ቶን ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ 360 ቶን ደረሰ። ሣር ቤቱን ወደ ቆርቆሮ የቀየረ፣ ልጁን ባሕር ዳር አስቀምጦ ያስተማረ ያን ጊዜ ነው። ያን በረከት አልክድም።

በዚያው ዘመን የሆላንዱ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ኋላም ማርቲን ደ ግራፍ፣ ከእኛ አገር ተመራማሪዎች ጋር እየሆኑ ነጭ ዓሣን ያጠኑ ነበር። እኛ በአፉና በከንፈሩ፣ በግንባሩና በጀርባው የምንለየውን እነሱ 15 ዓይነት ብለው ለዩት፤ በኋላ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የቆጠሩትን እስከ 2001 ድረስ እንደገና ቆጠሩ፤ ውጤቱንም በ2004 አሳተሙ። ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ትልቁ ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ቁመቱ ከ5 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነው ጫጩት ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። ትልቁ ቢቀንስ አይደንቅም፤ እያጠመድነው ነበር። ጫጩቱን ግን ማን አጠመደው? የዚያን ጊዜ መረባችን ዓይኑ ሰፊ ነበር፤ ያ ትንሽ ዓሣ በመረቡ ውስጥ ሽው ብሎ ያልፋል። ጀልባችን ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ገበያ ላይ ታይቶ አያውቅም። እንግዲህ ያልነካነው ዓሣ ከነካነው ይበልጥ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የማገኘው መልስ ይህ ነው፦ ጫጩቱን የሚገድለው ቢኖርም ባይኖርም፣ ዋናው ነገር አልተወለደም። እናቶቹ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ወንዝ አፍ ላይ ቀርተዋል።

ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ አይደለም። ቆሮሶ ከሐይቁ ሳይወጣ ይራባል፣ እናቲቱ እንቁላሏንና ልጆቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛ ክረምት ላይ ጎርፍ በሸፈነው ሜዳ ይበትናል፤ ቁጥሩም ለጉድ ነው። አብዛኛው ነጭ ዓሣ ግን ወንዙ ሲሞላ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ በአፉ ላይ ተሰብስቦ ይቆይና ሽቅብ ይወጣል። ንጹሕ ውኃ የሚሮጥበት ጠጠር ፈልጎ ይጥላል። ወንዞቹንም ታውቋቸዋላችሁ፦ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖ። ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ የተበተነ ዓሣ በእነዚያ ሳምንታት በጠባብ አፍ ላይ ይቆማል። እኛም እዚያው መረብ እንዘረጋለን። የዓመቱ ምርጥ ምርት የምንለው ይህ ነው።

በዚያ ላይ ፍልሰታ ይጨመራል። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ እተወዋለሁ፣ እነሱም ቢሆኑ አልተስማሙበትም። ሆቴሉ ግን ይጠይቃል፣ ነጋዴው ይጠይቃል፤ ወደ ሱዳን የሚሄደው ደረቅ ዓሣም አለ። እናቲቱ እንቁላል ተሸክማ በወንዙ አፍ በምትቆምበት ሳምንት ገበያው እንዲህ ይጠራናል።

ሌሎቹን ነገሮች ታውቃላችሁና በአጭሩ ልለፋቸው። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትን አለ፤ ያ መርዝ ትልቅና ትንሽ አይለይም፣ እንቁላል የያዘችና ያልያዘች አይለይም። በበጋ የፎገራ ገበሬ ፓምፑን ደቅኖ ርብንና ጉማራን ለሩዝና ለሽንኩርት ይስበዋል፤ ገና ወደ ሐይቅ ያልወረደው ጫጩት በየኩሬው ተይዞ ይደርቃል። አሸዋ የሚያወጣው መኪና ዓሣው የሚጥልበትን ጠጠር ጭኖ ይሄዳል። በርብ ላይ ግድብ ቆሟል። ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል፤ እምቦጭ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የሰሜኑን ዳርቻ ይዞታል። አንዳንዶቻችሁ ይህን ሁሉ እየቆጠራችሁ «ታዲያ ጥፋቱ የገበሬው ነው» ትላላችሁ። ድርሻውን ይውሰድ። የወንዙን አፍ የሚዘጋው መረብ ግን የማን ነው? ገበሬውን ለመምከር የምንሄደው የራሳችንን ካነሣን በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ የባሰ መጥቷል። ያ በሩቅ የማይታየው ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ፣ ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ ዋጋው ርካሽ፣ ዓይኑ ጠባብ ነው። ጎረምሳው ሁሉ ገዝቶታል። ቀድሞ ጫጩቱ የሚሞተው ሳይወለድ ነበር፤ አሁን ከተወለደም የሚጠብቀው አለ። ከተቀደደ አይጠገንም፣ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ይጣላል፤ ባለቤት ሳይኖረውም ሲያጠምድ ይከርማል።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ዓሣ ድሮም ይጠፋል፣ ይመለሳል» ነው። ከፊሉ እውነት ስለሆነ በቁም ነገር እመልሳለሁ። ዮሐን ዮርት የሚባል የኖርዌይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው ጥናት የሄሪንግ ዓሣን ቅርፊት እያነበበ ዕድሜውን ቆጠረ፤ በእነሱ አገር ክረምት በቅርፊቱ ላይ ቀለበት ጥሎ ያልፋል። ያገኘው አስገራሚ ነበር። በ1904 የተወለዱት ዓሦች ብቻቸውን ለብዙ ዓመታት የአገሩን መረብ ሞሉት፤ ከእነሱ በፊትና በኋላ የተወለዱት እዚህ ግባ የማይባሉ ነበሩ። ያ ማለት አንድ ጥሩ ዓመት ብዙ ዓመት ያበላል፣ ክፉ ዓመትም ይመጣል። ስለዚህ ቆጣሪዎቹ አንድ ዓመት ጥቂት ጫጩት አገኘን ቢሉ አልደነግጥም። አንድ ዓመት ብዙ አገኘን ቢሉም ከበሮ አልመታም። ቆጠራው ጥቅም የሚሰጠው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው። የሰሜን ባሕር አገሮች ከ1960ዎቹ ጀምረው በየዓመቱ መጀመሪያ መርከቦቻቸውን አስተባብረው ወጣቱን ዓሣ ይቆጥራሉ፤ በጦርነት ሳይሆን በስምምነት፣ አንዱ አገር የአንዱን ቁጥር እየተቀበለ። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩን ባልሰሙ ጊዜ ተቀጥተዋል። ሄሪንጉ አልቆ በ1977 ማጥመድ ተከለከለ። በ1996 ዳግመኛ ሊያልቅ ሲል ግን በዓመቱ አጋማሽ ድርሻቸውን በግማሽ ቆረጡ፣ ከሌላ ዓሣ ጋር የሚያዘውንም ጫጩት ገደቡ። ሄሪንጉም ተመለሰ።

የእኛ ነጭ ዓሣ ግን ቢያልቅ ከየት ይመለሳል? ይህ ነው ከሁሉ የሚከብደኝ። ሄሪንግ በብዙ ባሕር አለ። ጣናን ግን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ለይቶታል፤ ከታች ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ የለም። ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ዘር ተነሥተው እንዲህ የበዙ የዚህ ወገን ዓሦች ሌላው የታወቀ መኖሪያቸው በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ ነበር። እዚያ ባዕድ ዓሣ ገባ፣ ማጥመዱም በረታ፤ በ2020 ከእነዚያ ዓይነቶች 15ቱ ፈጽመው መጥፋታቸው ተመዘገበ። የላናኦ አስጋሪ ዛሬም ዓሣ ያወጣል፤ ባዕዱን ዓሣ ያወጣል። የልጅ ልጆቹ ያኛውን በሥዕል ነው የሚያውቁት። ጣናም እንደዚሁ ሊሆን ይችላል፦ ጀልባው በቆሮሶና በአምባዛ ይሞላል፣ ገበያው አይጎድልም፣ ነጭ ዓሣ ማለቁንም ማንም ቀኑን አይመዘግብም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 የሆነው የዚህ ጅማሬ ነው፤ የጀልባው ጠቅላላ ጭነት ያን ያህል ሳይጎድል፣ በአንድ ጉዞ የነጭ ዓሣው ድርሻ ከ63 ኪሎ ወደ 28 ኪሎ ወርዷል።

ሁለተኛው መልሳችሁ «ልጆቻችን ምን ይብሉ?» ነው። ለዚህ የምሰጣችሁ ቀላል መልስ የለኝም። ክረምት ላይ ሦስት ወር መረብ አንሡ የሚባል ሰው ያን ሦስት ወር ይራባል፤ ይህን የማያውቅ የቢሮ ሰው ቢመክረን እኔም አልሰማውም። ነገር ግን የምጠይቀው ሐይቁን ሙሉ እንድትዘጉ አይደለም። የወንዝ አፍን ነው። ቆሮሶው በሐይቁ ውስጥ አለ፣ አምባዛው አለ። በእነዚያ ሳምንታት ከጉማራ፣ ከርብ፣ ከመገጭና ከሌሎቹ አፍ ራቅ ብለን ብንጥል የሚቀርብን ጥቂት ነው። የሚከብደን ረሃቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ቀድሞ በተስማማን ነበር። የሚከብደን ሌላው መረቡን ሳያነሣ እኔ ለምን አነሣለሁ የሚለው ነው።

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ይህን በልቡ ማሰብ ይቀለዋል። ለእኛ የሚበቃ ዓሣ አለ፤ እስክንሞት ድረስ ይበቃናል። ጎረምሶቹ ደግሞ የሚያዩት እኛን ነው። አያ እገሌ ወንዝ አፍ ላይ ጥሎ ሀብታም ሆኗል፣ እኔን ማን ይከለክለኛል ይላሉ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሕጉ አለ። ወረቀቱ ግን ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ አያድርም። ባለሙያው በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ መረቡ ይሰወራል። ሽማግሌ ግን እዚያው ነው የሚያድረው፣ የማን መረብ እንደሆነም ከተንሳፋፊው ያውቀዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ፤ ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። ከቆጠራው በፊት እንማማል፤ ከቆጠራው በኋላ አይሆንም። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። ቁጥሩ ጥሩ ሲሆን «አየህ፣ ሞልቷል» ይባላል፤ ክፉ ሲሆን «መረባቸው ተቀዶ ነው፣ ማዕበል ነበር፣ ልጆቹ አያውቁበትም» ይባላል። አስቀድመን ግን ጫጩቱ ካለፉት ዓመታት አማካይ በዚህን ያህል ካነሰ በዚህን ያህል መረብ እንቀንሳለን ብለን ቃል ከገባን፣ ቁጥሩ ሲመጣ የሚያከራክር የለም። ማን ማንን አሸነፈ አይባልም። በዳር ያለው ባለ ታንኳም፣ ባለ ሞተሩም እኩል ይገባበታል።

ቆጠራውም የእኛ ይሁን። የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከል ሰዎች ሲወጡ ከየወደቡ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ አንድ ልጅ አብሮ ይውጣ፤ ቁመቱን አብሮ ይለካ፣ መዝገቡንም ለእኛ አምጥቶ ያንብብልን። ገንዘብ ጠፍቶ ቆጠራው ሊታጠፍ በሚልበት ዓመት ነዳጁን ከየማኅበሩ እናዋጣ። አንድ ዓመት የተዘለለ ቆጠራ ያለፈውንም ዋጋ ያሳጣዋል። ልጅህ ሲለካ አይተህ ቁጥሩ ውሸት ነው ልትል አትችልም።

ክረምቱ ሩቅ አይደለም። ሰኔ ላይ ወንዙ መደፍረስ ሲጀምር ዓሣው መጠጋት ይጀምራል፤ ያኔ መሐላ መጀመር ዘግይቷል። የጉማራን አፍ የእኛ መንደር ሽማግሌዎች ይጠብቁታል፤ በዚህ ተስማምተናል፣ የራሴም ልጆች መረብ ከዚያ ተነሥቷል። ርብን፣ መገጭንና ድርማን ማን እንደሚይዝ ከሰኔ ሚካኤል በፊት ላኩብኝ።